አዲሱ ፎቶሾፕ የድሮውን ፊደል ያውቀዋል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ ጣናን በስተግራው ትቶ፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝን ያገኛል። በአጠገቧ ካለው ኮረብታ ላይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሠርፀ ድንግል የተሠራው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ዛሬም ይታያል። እንደ እንፍራንዝ ባለች የመንገድ ዳር ከተማ ፎቶ ቤት ጠባብ ሱቅ ይሁን እንጂ የሚሸከመው ሥራ ሰፊ ነው። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ የሰርግ አልበም፣ የምርቃት ፎቶ፣ የሱቅ ባነር፣ የክርስትና መጥሪያ፣ ለለቅሶና ለተዝካር የሚያድግ የሟች ፎቶ፣ ሁሉም በአንድ ኮምፒውተር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው እጅ ያልፋል። ስለዚህ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ወደ አዲስ ቨርዥን ሲሻሻል ነገሩ የባለሙያው የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የከተማው ሰው ፊትና ስም የተቀመጠበት መዝገብ አብሮ ይነካል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ አዲስ ቨርዥን መመዘን ያለበት በሚጨምረው አዲስ ነገር ሳይሆን ትናንት የተሠራውን ሥራ ሳያበላሽ መክፈት በመቻሉ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ለእኛ አገር ፎቶ ቤት ዋናው አደጋ የፕሮግራሙ ዋጋም ፍጥነትም አይደለም። ፊደሉ ነው።

ፊደሉ ላይ ከመድረሳችን በፊት ግን መጀመሪያ የሚደናገረው እጅ ነው። በፎቶሾፕ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አንድን ምስል ማዕዘኑን ይዞ ሲያሳድግ ወይም ሲያሳንስ ቅርጹ እንዳይዛባ የሚፈልግ ሰው ሺፍት የምትባለዋን ቁልፍ ተጭኖ ይጎትት ነበር። የመታወቂያ ፎቶ የሚሠራ ሰው ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ያደርገዋል፤ ግራ እጁ ሳያስበው ሺፍት ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የወጣው ቨርዥን ይህን ገለበጠው። ያለ ሺፍት ሲጎተት ቅርጹ ይጠበቃል፤ ሺፍት ሲጫኑ ደግሞ ይዛባል። ለዓመታት የለመደ እጅ በአዲሱ ፕሮግራም ላይ እንደ ወትሮው ሲሠራ የደንበኛው ፊት ይረዝማል ወይም ይሰፋል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ባለሙያው ራሱ ላያስተውለው ይችላል፤ ፎቶው ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ቅጽ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው «ይሄ እኔን አይመስልም» የሚባለው። በዚያው ቨርዥን ኮንትሮልና ዜድ የሚሠሩትም ተለወጠ። ቀድሞ የመጨረሻዋን አንዲት እርምጃ ብቻ እያጠፋና እየመለሰ ሥራው በፊት እንዴት እንደነበረ፣ አሁን እንዴት እንደሆነ ለማነጻጸር ያገለግል የነበረው አሁን እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሌየር ያለውን ሥራ ወደ ጄፔግ ለመቀየር «ሴቭ አዝ» ውስጥ ገብቶ መምረጥ ቀርቶ «ሴቭ ኤ ኮፒ» የሚል ሌላ መንገድ መጣ፤ ብዙ ተጠቃሚ ጄፔግ የጠፋ መስሎት ተቸግሯል።

እነዚህ ሦስቱም መድኃኒት አላቸው፤ አምራቹ ራሱ መድኃኒቱን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቷል። ፕሪፈረንስ በሚለው ማስተካከያ ውስጥ የድሮውን የማሳደጊያ መንገድ የሚመልስ ምልክት አለ፤ የፋይል አያያዝ በሚለው ክፍል የድሮው ሴቭ አዝ ይመለሳል፤ የቁልፎች አቋራጭ በሚዘረዘርበት ቦታም የድሮው ኮንትሮል ዜድ ይገኛል። አዲስ ቨርዥን የጫነ ሰው የደንበኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እነዚህን ሦስት ቦታዎች ቢያይ የብዙ ቀን ንዴት ይቀርለታል። «አዲሱን መልመድ ነው እንጂ ወደ ኋላ መመለስ ምን ይረባል?» የሚል ሰው አለ፤ ለጀማሪ ተማሪ እውነቱን ነው። ልማዱ ለአሥር ዓመት በእጁ የኖረ ሰው ግን ፍጥነቱም ጥራቱም ያለው እዚያ ልማድ ውስጥ ነው። ልማዱን ሊቀይር ከፈለገ ወረፋ በሌለበት ቀን ይቀይር፤ ጥር ላይ፣ ሰርገኛ በር ላይ ቆሞ፣ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ በተጀመረበት ዘመን ኮምፒውተሩ በአንድ ፎንት ውስጥ የሚያውቀው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበር፤ ከዚያም ሁሉም ለፊደል አይውልም። የእኛ ገበታ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሲያባዙት 231 ይሆናል፤ ቨ፣ ዲቃላዎቹ፣ ሃያዎቹ የግእዝ ቁጥሮች፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ሲጨመሩ ቦታው ይጠባል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸውም ይኸው ነበር፦ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት። የኮምፒውተር ባለሙያዎቻችን ያገኙት መላ የላቲንን ፊደል ቦታ መዋስ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ የ‹ሰ›ን፣ የ‹ላ›ን፣ የ‹ም›ን ሥዕል ያለብሰዋል። አንድ ፎንት አልበቃ ሲልም ገበታውን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፈሉት። እያንዳንዱ አምራች የራሱን አሰላለፍ ስለተከተለ በአንዱ ፎንት የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። ይህን ሥራ ማቃለል አይገባም፤ ያን ጊዜ ጋዜጣ፣ መጽሔትና የሰርግ ካርድ በአማርኛ የታተመው በእነዚህ ሰዎች ብልሃት ነው።

ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ቨርዥኑ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን አካተተ፤ ከዚያ ወዲህ ‹ሰ› በዓለም ላይ ባለ ኮምፒውተር ሁሉ የራሷ ቁጥር አላት። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የአገር ውስጥ አምራቾችም ተሻገሩ፤ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ የዩኒኮድ ፎንቶች አውጥተዋል። ፎቶ ቤቶች ውስጥ ያለው አሮጌ ፋይል ግን አልተሻገረም። የሙሽሮቹ ስም፣ የባነሩ ጽሑፍ፣ «ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው» የሚለው መስመር በአሮጌው ፎንት እንደተጻፈ በሃርድ ዲስክ ውስጥ ተቀምጧል። የዘመኑ ሰዎችም ልማዱን አልተዉትም፤ አንድ ያማረ የድሮ ፎንት በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አሁንም አዲስ ሥራ ይሠራበታል።

ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስና አዲስ ፎቶሾፕ ሲጫንበት የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ፋይሉ ሲከፈት የሙሽሮቹ ፎቶ፣ ጌጡ፣ ስማቸውም በአማርኛ እንደነበረ ይታያል፤ ጽሑፉ ባለበት ሌየር ላይ ግን ትንሽ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለች። ፎንቱ እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለቷ ነው። ጽሑፉ አሁንም አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎቶሾፕ ፋይሉ መጨረሻ ሲቀመጥ የነበረውን ምስል ስለያዘ እንጂ ፊደሉን ስላወቀው አይደለም። ባለሙያው ቀን ለመቀየር ወይም አንድ ስም ለማረም ጽሑፉን በነካ ቅጽበት፣ ወይም ፕሮግራሙ የጽሑፍ ሌየሮች ይታደሱ እንደሆነ ሲጠይቀው «እሺ» ባለ ጊዜ፣ ያ ምስል ይጠፋና በቦታው የእንግሊዝኛ ፊደልና የቅንፍ ትርምስ ይተካል። ከዚያ በኋላ ሴቭ ካደረገ ያ ጽሑፍ ከነመልኩ ሄደ። በዩኒኮድ የተጻፈ ሥራ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ ውጤቱ ሌላ ነው። ኒያላ በዊንዶውስ 10 ላይ ከመደበኛው ጭነት ወጥታ በተጨማሪ ፎንትነት ከኢንተርኔት የምትወርድ ሆናለች፤ ስለዚህ በኒያላ የተሠራ መጥሪያ አዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፊደሉ መልክ ይለወጥ፣ መስመሩም ይረዝም ወይም ያጥር ይሆናል። ስሙ ግን ይነበባል። አንዱ ልብስ መቀየር ነው፤ ሌላው ስም መጥፋት።

ፎንቱን ፈልጎ መልሶ መጫን ይቻላል የሚል መልስ ይሰማል፤ ፎንቱ እስካለ ድረስ እውነት ነው። ግን ማን የትኛውን ፎንት ተጠቅሞ እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ የተለያየ ፎንትም ሞልቷል። ፕሮግራሞቹም በአሮጌ ፎንት ላይ በራቸውን እየዘጉ ነው። ታይፕ 1 የሚባለውን የቆየ የፎንት ዓይነት ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2021 መቀበል አቁሟል፤ የዚያው አምራች የሆኑት ኢለስትሬተርና ኢንዲዛይን በ2023 ተከተሉ። ስለዚህ ትክክለኛው ሰዓት ከፎርማት በፊት ነው፣ አሮጌው ኮምፒውተር ገና ሲሠራ። የፎንት ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ፤ ተመልሰው የሚፈለጉትን ሥራዎች ከፍቶ የጽሑፉን ሌየር ቅጂ ማውጣትና ቅጂውን ወደ ቅርጽ መቀየር፤ ከጎኑ ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ። ወደ ቅርጽ የተቀየረው መልኩን ያቆያል፤ በዩኒኮድ የተጻፈው ቃሉን ያቆያል። አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ሁሉንም ፋይል ማድረግም አያስፈልግም፤ በየጊዜው እየተከፈተ ስም ብቻ የሚቀየርበት የመጥሪያና የአልበም ቴምፕሌት ላይ መጀመር ይበቃል፤ የዘወትሩ ሥራ የሚያልፈው በእነዚያ ነውና።

አዲስ ፎቶሾፕ ላይ አማርኛ መጻፍ አስቸገረኝ የሚል ባለሙያ ብዙ ጊዜ የተጣላው ከፎቶሾፕ ጋር ሳይሆን ከመጻፊያው ጋር ነው። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍ፣ እንደ ዐረብኛ እርስ በርሱ የማይያያዝ ስለሆነ ለማንኛውም ፕሮግራም ገር ነው። የሚሰናከለው ለአሮጌ ዊንዶውስ የተሠራው የአማርኛ መጻፊያ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ከያዘው የአማርኛ ኪቦርድ ወይም በነፃ ከሚገኘው ኪማን ጋር መተዋወቅ ያዋጣል፤ እስኪለመድ ድረስ ወርድ ላይ ጽፎ ወደ ፎቶሾፕ መገልበጥም ይሠራል። ለፎንትም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነፃ ናቸው፤ ተጭነው ቢቀመጡ ነገ የትም ይገኛሉ።

ገንዘቡና የኢንተርኔት መስመሩ ሌላ ጣጣ ነው። የፎቶሾፕ አምራች አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ሲኤስ6 አንድ ጊዜ ተገዝቶ የራስ የሚሆን የመጨረሻው ፎቶሾፕ ነበር፤ በ2013 ከዚያ ወዲህ የሚወጡት ቨርዥኖች በኪራይ ብቻ እንደሚሸጡ አሳወቀ። ፎቶሾፕንና ላይትሩምን አንድ ላይ የያዘው የፎቶ ባለሙያዎች ውል በወር 9.99 ዶላር ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 570 ብር አካባቢ ነው። ከወራት በኋላ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ሲሆን ያው ውል 1,200 ብር አለፈ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ ውሉ ለአዲስ ደንበኛ ተዘጋ፤ ወር በወር የሚከፍለው ነባር ደንበኛም ወደ 14.99 ዶላር ከፍ አለበት፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ1,800 ብር በላይ ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ደንበኛ የሚከፍለው የጉርድ ፎቶ ዋጋ ግን በዚያ ልክ አልሮጠም። በብር ብቻ ለሚሠራ ሰው ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ልፋት መሆኑም አይዘነጋ።

ከዋጋው ይልቅ ለእኛ አካባቢ የሚከብደው ግን ፕሮግራሙ በየጊዜው አምራቹን መጠየቅ ያለበት መሆኑ ነው። የወር ኪራይ የሚከፈልበት ፎቶሾፕ ከኢንተርኔት ተለይቶ የሚቆይበት ገደብ አለው፤ የዓመት ውል ላለው ሰው 99 ቀን ነው። ለሌላ አገር ሰው 99 ቀን ረጅም ጊዜ ሊሆን ይችላል። በአማራ ክልል ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ገንዘቡን በወቅቱ የከፈለ ሰው እንኳ ፕሮግራሙ የከፈለ መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻለ ሥራው ይቆማል። አስቀድሞ የተገዛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ የአዶቤ ሲኤስ2 ፍቃድ ማረጋገጫ ሰርቨር ሲዘጋ ገዝተው የነበሩ ሰዎች እንደገና መጫን አልቻሉም፤ ኩባንያው ማረጋገጫ የማይጠይቅ ቅጂ ለብቻው ሊያወጣላቸው ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የቆዩ የኪራይ ቨርዥኖችን የሚጠቀሙ ደንበኞች ፍቃዳቸው እንዳበቃ ተነገራቸው። የሚከራዩት ነገር መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው አከራዩ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ማን ይከፍላል? ክራክ አለ» የሚለው ቃል የሁሉም አፍ ላይ ነው፤ ብዙ ፎቶ ቤት የሚሠራውም በዚያ መሆኑ የአደባባይ ምስጢር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ዘፈን ይጠብቃል፤ የፎቶ ባለሙያ ደግሞ ያነሣው ፎቶ ያለ ፍቃዱ ሲታተም በዚሁ አዋጅ ነው መብቱን የሚጠይቀው። የሌላውን መብት እየጣሱ የራስን ማስከበር ይከብዳል። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና ሥራውን ብቻ እንመልከት። ክራክ የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ ጸረ ቫይረሱን አጥፍቶ ነው፤ የከተማውን ሰው የመታወቂያ ፎቶና ስም በያዘ ኮምፒውተር ላይ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፕሮግራም በሩ ወለል ብሎ ሲከፈትለት ማለት ነው። በዚያ ላይ ክራክ የሆነው ፎቶሾፕ ስህተቱ አይታረምም፤ ሲበላሽ ሙሉ በሙሉ ይነቀላል፤ ሌላ ቨርዥን ይጫናል። ሰው ሳያስበው ከቨርዥን ቨርዥን የሚዘልለው፣ ፎንቱና ቅንብሩ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ክራክ ዋጋ አይከፈልበትም ሲባል እሰማለሁ፤ ዋጋው የሚከፈለው በፋይል ነው እላለሁ።

በተቃራኒው ቆሞ «እኔ ከሲኤስ6 አልነቃነቅም» የሚል ባለሙያ አለ፤ ከሁሉም በላይ የማከብረው ክርክር ይህ ነው። የሚሠራ መሣሪያ ይዞ ሌላ ለምን ይፈልጋል? ነገር ግን ፎቶሾፑ ቢቆምም ዙሪያው አይቆምም። ካኖን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአዳዲስ ካሜራዎቹ ሲአር3 የሚባል የጥሬ ፎቶ ዓይነት ማውጣት ጀመረ፤ ሲኤስ6 አይከፍተውም። አዲስ ካሜራ ተበድሮ የገዛ ወጣት ካሜራው የሚያወጣውን ምርጥ ፋይል ትቶ በጄፔግ ብቻ እንዲያነሣ ይገደዳል። ለዚህ መፍትሔው አዶቤ በነፃ የሚሰጠው ዲኤንጂ ኮንቨርተር ነው፤ የአዲሱን ካሜራ ፋይል አሮጌው ፎቶሾፕ ወደሚያውቀው ዲኤንጂ ይቀይረዋል፤ የትኛው ቨርዥን እንዲያነበው እንደሚፈለግ መምረጫም አለው። ከዚህ የሚበልጠው ችግር ዊንዶውሱ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል። ከ2018ቱ ቨርዥን ወዲህ ፎቶሾፕ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይጫንም፤ የዛሬው ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል፤ ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ከሩጫው ወጥቷል። አሮጌውን ይዞ መቆየት ይቻላል፤ ግን አሮጌው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተነጥሎ፣ ፍላሽ ሲገባበት ተፈትሾ፣ እንደ ቤተ መዛግብት መያዝ አለበት። አዲሱ ሥራ በአዲሱ ይሠራል፤ የድሮው በድሮው ይከፈታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ከሁሉም የተሻለው መላ ይመስለኛል።

ነፃ ፕሮግራሞችስ? ጊምፕ በበርክሊ ተማሪዎች ከተጀመረ ወደ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ፍቃድ የሚጠይቅ ሰርቨር የለውም፤ የዩኒኮድ አማርኛን ያለ ችግር ያሳያል፤ በቀላል ላፕቶፕ ይሄዳል። ለጉርድ ፎቶና ለአብዛኛው የፎቶ ማስተካከል ሥራ ይበቃል ብል አልተሳሳትኩም። ማሻሻል ያለ ሕመም ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 2.8 ‹ሴቭ› የሚለውን ለራሱ ፋይል ብቻ አድርጎ ጄፔግን ወደ ‹ኤክስፖርት› ሲያዛውረው ዓለም ሁሉ ጮኾ ነበር፤ በመጋቢት 2025 የወጣው 3.0 ደግሞ ለ2.10 የተጻፉ ፕለጊኖችን ብዙዎቹን ጥሏል። የማተሚያ ቤቱን ሲኤምዋይኬ ቀለም እንደ ፎቶሾፕ በቀጥታ ይዞ አይሠራም፤ ባነርና መጽሔት ለሚያሳትም ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ፎቶፒ የሚባለው በብራውዘር የሚሠራ ፕሮግራም የፎቶሾፕን ፒኤስዲ ከነሌየሩ ይከፍታል፤ በሰው ኮምፒውተር ላይ ለሚቸገር ጥሩ ማለፊያ ነው። አፊኒቲ በበኩሉ በካንቫ ከተገዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በነፃ ተለቋል። ከእነዚህ አንዱን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ዛሬ በፎቶሾፕ ሲያስቀምጥ ‹ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ› የሚለውን ምልክት አብርቶ ያስቀምጥ፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ ግን ሌላ ፕሮግራም ሌየሩን ባያውቅ እንኳ ሙሉውን ምስል ያገኘዋል።

«ደንበኛው ፎቶውን በቴሌግራም ወስዷል፤ እኔ ለምን አስቀምጥለታለሁ?» የሚለው መከራከሪያ የመጨረሻው ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክለት መጠኑን ቀንሶ ነው የሚያሳልፈው። 20 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማተም ወደ 2,400 በ3,500 ፒክስል ያስፈልጋል፤ በስልክ የተላከው ብዙ ጊዜ የዚያን ግማሽ አይሞላም። እንደ ፋይል ካልተላከለት በቀር ደንበኛው የያዘው ጥላ ነው፤ ዋናው የቀረው ፎቶ ቤቱ ጋ ነው። ይህ ከባድ አደራ የሚሆነው ለአንዳንድ ቤተሰብ፣ በተለይ በገጠሩ፣ የአባት ወይም የእናት ብቸኛ ጥርት ያለ ፎቶ ለመታወቂያ ተብሎ የተነሣው ስለሚሆን ነው። ለተዝካር አሳድጉልን ብለው የሚመጡት ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ጣና ራሱ በዚህ ረገድ የሚያስተምር ነገር ይዟል። ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የሐይቁን ገዳማት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ፤ የክብራን ገብርኤል መጻሕፍት ዝርዝር በ1973 ታትሞ ወጣ። ያ ፊልም ዛሬ ብርሃንና ማጉያ መስተዋት ላለው ሰው ሁሉ ይነበባል፤ ፍቃድ የሚጠይቀው ሰርቨር የለም፤ ብራናው ደግሞ ዓይን ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አሥር ዓመት ያልሞላው የሰርግ ፋይል አልከፈት ማለቱ ለኛ ዘመን የሚያሳፍር ነው። ለፎቶ ቤት ከማይክሮፊልም ጋር የሚቀራረበው ያለቀለትን ሥራ ሁሉ ሌየሩን ጨፍልቆ፣ በሙሉ መጠኑ፣ በቲፍ ወይም በከፍተኛ ጥራት ጄፔግ አንድ ቅጂ ማውጣት ነው። ማንኛውም ፕሮግራም፣ የዛሬውም የነገውም፣ ይከፍተዋል። ፒኤስዲው የሚሠሩበት ወርክሾፕ ነው፤ ቲፉ የተሠራው ዕቃ ነው። የፋይሉን ስምም በቀንና በደንበኛው ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ዊንዶውስ ይቀበለዋል፤ ‹ፋይናል2_አዲስ_የመጨረሻ› ከሚል ስም ይሻላል።

ይህን ሁሉ መቼ? ጥር ሰርግ ነው፤ ሐምሌ ምርቃት ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ግን በእኛ አካባቢ ሰርግ የለም፤ ፎቶ ቤቱ ጸጥ ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት አሮጌውን ኮምፒውተር ሳይነኩ ወደ ሁለት ዲስክ ለመገልበጥና ፎንቶቹን ለመሰብሰብ ይበቃል። ቀጥሎ ቴምፕሌቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ጽሑፋቸውን ወደ ዩኒኮድ ማሻገር፣ ያለቁትን ወደ ቲፍ ማውጣት። አዲሱ ፕሮግራም የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከተቻለ በሌላ ኮምፒውተር፣ ካልተቻለ በሌላ ዲስክ፣ አሮጌው ሳይነቀል። ከዚያ አንድ የድሮ የሰርግ ፋይል በአዲሱ ይከፈታል፤ የሙሽራዋ ስም ላይ አንድ ፊደል ተቀይሮ፣ ሴቭ ተደርጎ፣ ተዘግቶ፣ እንደገና ይከፈታል። ስሟ በአማርኛ ከተነበበ ፋሲካ ሲደርስ፣ በዳግማይ ትንሣኤ የመጀመሪያው ሰርገኛ በሩን ሲያንኳኳ፣ ቤቱ ዝግጁ ነው።